ልጄን ለማላውቃት ሴት ሰጥቼ የተፈተንኩ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ስቶክሆልም በገባሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ዛሬ ኪስታ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የባቡር ድልድዮች የሚችሉትን ጭነት አሰላለሁ። ሰዎች እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ሲጠይቁኝ ያንን ጠዋት ዘልዬው አልፋለሁ።

አዲስ አበባ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ነበር የመጣሁት። እዚህ ግን ሂሳቡን በስዊድንኛ እንደገና መማር ነበረብኝ። ከክፍሉ ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጨረሻውን የሂሳብ ፈተና፣ እዚህ ቴንታ የሚሉትን፣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አሁንም ካላለፍኩ ከፕሮግራሙ መውጣቴ ነው። አማካሪዬ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አረጋውያን መንከባከብ ለምን አትሞክሪም? እዚያ ሥራ አይጠፋም» ብላኝ ነበር።

የፈተናው ዕለት ልጄን ይዤ ዩልስታ ያለው ዳጊስ፣ ማለትም የሕፃናት መዋያዋ ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ለካ ሠራተኞቹ ስብሰባ ነበራቸው፤ ማስታወቂያውን አላየሁትም። ባለቤቴ አውቶቡስ እየነዳ ስለነበር ስልክ አያነሳም። የማውቃቸው ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። የማደርገው ጠፍቶኝ ፈተናው ወደሚሰጥበት ኪስታ የሚሄደውን አውቶቡስ ከነልጄ ተሳፈርኩና እንባዬ መጣ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሐበሻ እናት፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁዲንጌ በሚባል ሰፈር በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለመነጽር ቀጠሮ ወደ ኪስታ የሚሄዱ ሰው ነበሩ።

«የምን ፈተና ነው?»

«የሂሳብ። ለኢንጂነርነት ነው እማማ።»

«በይ ግቢና ተፈተኚ። እኔ ልጅቷን በሩ ላይ እይዝልሻለሁ።» መታወቂያቸውን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «ይሄን ጥዬ የትም አልሄድም።»

የፈተናው አዳራሽ ውስጥ ተቆጣጣሪው መታወቂያ ሲጠይቀኝ በድንጋጤ የእሳቸውን ሰጠሁት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ መለሰልኝና አለፈ። ተከትዬው ሮጬ የራሴን መታወቂያ ያሳየሁት እኔው ነኝ። እሳቸው ወደ ሰባ የሚጠጉ ናቸው፤ እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግሜ ባነበውም አልገባኝም። ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። የሕፃን ለቅሶ የሰማሁ መስሎኝ አንዴ ብድግ አልኩ። የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ከሁለተኛው ጥያቄ ጀመርኩ።

ጨርሼ ስወጣ፣ በሩ ላይ ትቻቸው የገባሁበት አግዳሚ ወንበር ባዶ ነበር። ጥበቃውን ጠየቅኩት፤ ማንንም አላየሁም አለ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ መታወቂያው ኪሴ ውስጥ እንዳለ ረስቼ ልጄን እየጠራሁ በደረጃው ወረድኩ። ምድር ቤት፣ ማሞቂያው አጠገብ አገኘኋቸው። ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፤ ኮታቸውን አልብሰዋታል።

«በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ አስቸገራት» አሉ። ቀጥለው፣ «ሠራሽው?»

«ሠራሁት መሰለኝ። ቀጠሮዎ ግን አለፈብዎት።»

«መነጽሩ ይደርሳል። ተባረኪ።»

መታወቂያቸውን መለስኩላቸው። ስልካቸውን መጠየቅ ያኔ አልታወሰኝም። ውጤቱ ሲመጣ ለጥቂት አልፌያለሁ። ልነግራቸው ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር እየተመላለስኩ ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም።

ልጄ ዛሬ ጂምናሲየም፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ትማራለች። ያንን ቀን አታስታውስም። በቅርቡ ስነግራት በስዊድንኛ፣ «እማዬ፣ አብደሽ ነበር?» አለችኝ። እሷ እንዲህ ብታደርግ እኔም አብዳለች ነበር የምለው። ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ ግን አሁንም ልጄን የምሰጣቸው ይመስለኛል።