ከአማቴ ሳንባ የተቆረጠችው

አማቴ በጂቡቲ ካርቲየ 4 ሰፈር በአንድ የዓሣ ምግብ ቤት ጓሮ ለብዙ ዓመታት ዳቦ ጋግረዋል። ምድጃው እንደ በርሜል የቆመ የጭቃ ሥራ ነው፤ ከሥሩ እንጨት ይነድበታል፣ ሊጡ በእጅ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ለመለጠፍ ጎንበስ ብሎ ፊትን ወደ ጭሱ ማስገባት ግድ ነው። ባላቸው ከድሬዳዋ እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ ልጆቹን ያሳደገው ያ ምድጃ ነው። እኔ ልጃቸውን ሳገባ ሥራውን ትተውት ነበር። ሳሉ ግን እሳቸውን አልተዋቸውም።

ቤተሰቡ ሳሉን ለምዶታል። ከወዲያኛው ክፍል ሲሰማ «እማ ተነሥተዋል» ይባላል፤ በቃ። ያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ጋቦዴ ሰፈር ያለው ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን በር ስከፍትላቸው ሰላምታዬን ሳይመልሱ ዝም ብለው ቆሙ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው ተደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ እየጠበቁ ነበር።

የእኔ እንጀራ ሳንባ ነው። እዚሁ ጂቡቲ በአንድ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአንድ የምርምር ቡድን ጋር እሠራለሁ። በቀዶ ጥገና ከሚወጣ ሳንባ ላይ፣ ታማሚው ከፈቀደ፣ ትንሽ ቁራጭ ይደርሰናል። በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለ ሕዋስ ሁሉ ያንኑ ዘረ መል ነው የተሸከመው፤ የዓይኑም የሳንባውም አንድ ነው። የሚለያየው የትኛው ዘረ መል ሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንደተኛ፣ የሚሠራውም ምን ያህል እንደሚተጋ ነው። ሥራ ላይ ያለው አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ያወጣል። እኛ ያንን መልእክት ከቁራጩ ውስጥ አውጥተን እናጠራዋለን፣ ውጭ አገር ያሉ ባልደረቦቻችን ያነቡታል። የታመመው ሳንባ ከጤነኛው የሚለይበትን ካወቅን፣ ሕመሙ ከየት እንደሚጀምር እንደርስበታለን የሚል ተስፋ አለን።

እማን በስካነር የሳንባ ምስል አስነሣናቸው። በቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ላይ አንድ የነጣ ቦታ ታየ። ከውጭ የሚመጣው የቀዶ ጥገና ሐኪም ምስሉን አይቶ «ይህ ክፍል መውጣት አለበት፤ ምን እንደሆነ ሳይወጣ አናውቅም» አለ። ባለቤቴ ወደብ ላይ የኢትዮጵያ ጭነት የሚያስተላልፍ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሾፌሮችና ከጉምሩክ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል እንጂ ድምፁ አይሰበርም። ያን ቀን ግን መኪና ውስጥ ገብቶ ቁልፉን እንደያዘ ቆየ።

ከዓስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ልብስ ሳሰጣ እማ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የሚቆርጡት የት ይሄዳል?»

«ለምርመራ የሚያስፈልገው ይወሰዳል። የቀረው ይቃጠላል» አልኳቸው። ለሥራ ባልደረባዬ የምመልሰውን ነው ሳላስብ የመለስኩላቸው።

«ይቃጠላል?» አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ሲለበልበኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ቆርጠው ሊያቃጥሉኝ? የሰው ሥጋ ይቀበራል እንጂ አይቃጠልም።»

«እንነግራቸዋለን እማ። እንዲቀበር ይደረጋል።»

ከዚያ «እናንተስ? የሰው ሳንባ ትወስዱ የለም?» አሉኝ።

በደንባችን ዘመዴን ፈቃድ መጠየቅ አልችልም፤ ይሉኝታ ሰውን ያስገድዳልና። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። አይታችሁ ስትጨርሱ ትመልሱልኛላችሁ?»

እጄ ላይ ያለው ልብስ ውኃው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። «አይመለስም» አልኩ። «እንደ በረዶ ደርቆ ይፈጫል፣ ከዚያ በፈሳሽ ይሟሟል። የሚቀበር ነገር አይተርፍም።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶን ኖሮ ወጣ። «እናቴን እንደ በርበሬ ልትወቅጫት ነው?»

«እኔ አልጠየቅኳቸውም።»

«ታዲያ ምን አፍሽን አስከፈተሽ? ሐኪሙ ቢላዋ ያነሣባታል፣ አንቺ ሙቀጫ ታቀርቢያለሽ!»

«ተው አንተ» አሉት እማ። «እሷ ያልዋሸችኝ ጥፋት ሆነ?» እሱ ግን በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ሁለታችንም የመኪናውን ድምፅ ሰማን።

እማ ጁምዓ ዕለት አንድ የሚያምኗቸውን ሼህ ጠየቁ። ሼሁ ለሕክምና ጥቅም ከሆነ ችግር የለውም፣ የተረፈው ግን በክብር ይቀበር አሏቸው። ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከሩም። ሆስፒታል ሲገቡ ነርሷ በሶማሊኛ ስታስረዳቸው አቋረጧትና ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ፤ «ጥቂት ይወሰድ፣ የቀረው ለልጄ ይሰጠው ብለሽ ንገሪልኝ።» ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ዕለት ቁራጩን ሌላ ሰው እንዲሠራው ለምኜ ነበር። ባልደረባዬ ግን ልጇ ታሞባት ቀረች፤ ሳንባ ደግሞ ከሰውነት ከወጣ በኋላ መልእክቱ ወዲያው መበላሸት ይጀምራል። የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ዕቃው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ግን በዚያ ቀን የመጣው አንድ ብቻ ነበር።

ቁራጯ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ጤነኛ ሳንባ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ይህቺ በመቆንጠጫው ስነካት ጠጠር ትላለች። እጅግ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ስጨምርባት ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ከሙቀጫው ተነሥቶ እጄን ሸፈነው። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ እየሠራሁ ስለ ምሳ አስቤ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ዘነዘናውን አንሥቼ መምታት አቃተኝ። «ቢስሚላህ» አልኩ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲያ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ፈጨሁት። ሐምራዊ ዱቄት ሆነ። ጨርሼ፣ ጓንቴን አውልቄ ስታጠብ ነው እንባዬ የመጣው።

የምርመራ ክፍሉ የሚፈልገውን ወስዶ ሲጨርስ ባለቤቴ የቀረውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ተረከበ። ከወንድሙ ጋር ሄደው ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ቀበሩት። ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሷል። «ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ ጠፋኝ» አለኝ። «እሷ በሕይወት አለች፣ እኔ እቀብራለሁ።» ከበረንዳው ጠብ ወዲህ በቅጡ ያናገረኝ ያን ጊዜ ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ሐኪሙ ሁላችንንም ጠራ። «ካንሰር አይደለም» ሲል ባለቤቴ ወንድሙን አቀፈ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ንግግሩን ቀጠለ። ጠባሳ ነው አለ፤ ሳንባው እየጠነከረ የሚሄድበት በሽታ፣ ሁለቱንም ወገን የያዘ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እነሱ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ነበር።

ባለቤቴ መሐል ከተማ በምኒልክ አደባባይ በኩል አልፎ ትልቅ የኬክ ካርቶን ይዞ ገባ። ጎረቤት ተጠራ። እማ ትራስ ተደግፈው ለመጣው ሁሉ እየሳቁ ያጎርሳሉ፤ በሳቁ መሐል ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«ሐኪሙ ያለውን እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

«ካንሰር አይደለም አለ።»

«ያመጣው ዜና ግን ጥሩ አይደለም። ጠባሳው እየሰፋ ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም።»

የኬኩን ቢላዋ በእጁ እንደያዘ አየኝ። «ዛሬ ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ። ቢላዋውን አጥቦ አስቀመጠና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ለእማ እሱ ራሱ ነገራቸው። ምን እንዳለ አላውቅም፤ በሩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግራቸውን ሲያሽላቸው አየዋለሁ።

ከወራት በኋላ የዘረ መሎቹ ንባብ ከውጭ መጣ። በኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱ ሳንባ አንድ ነጥብ ነው። ጤነኞቹ በአንድ ወገን ተሰብስበዋል፣ ጠባሳ ያለባቸው በሌላው። የናሙናዎቹ ቁጥር ውጭ አገር ሲደርስ ስለሚቀየር የትኛዋ ነጥብ እማ እንደሆኑ አላውቅም፤ ሆኖም ከዚያኛው ወገን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። በእነዚያ ሳንባዎች ውስጥ ቁስል የሚጠግኑት፣ የጠባሳውን ክር የሚፈትሉት ዘረ መሎች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ቁስሉ ምን እንደሆነ፣ ጥገናውም ለምን እንደማይቆም ገና አልገባንም። የቡድኑ ኃላፊ ደስ ብሎት «ግሩም መረጃ ነው» አለ። ልክ ነው፤ ግሩም ነበር። ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

እማ «ምን አገኛችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። በነጥቦቹ ላይ ያየሁትን፣ ጥገናው አልቆም ማለቱን ነገርኳቸው።

«ጭሱ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት ማለት አልችልም።»

«ለእኔስ የሚሆን ነገር አለው?»

«አሁን የለውም እማ።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት ነው የመሰለው። ከዚያ ድንገት «ድሬዳዋ እህቴ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» አሉ። እኔ ተቃወምኩ። ድሬዳዋ ደጋ ባትሆንም ከባሕር ጠርዝ ለሚወጣ ሰው አየሩ ይሳሳል፤ ለታመመ ሳንባ ይህ ቀላል አይደለም። ባለቤቴም መጀመሪያ ከእኔ ጋር ቆመ። «እዚህ በሙቀቱና መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው በቆመ ቁጥር በድንጋጤ ከምሞት፣ እዚያ ከእህቴ ጋር እያወራሁ ልሁን» አሉት። ሐኪሙ ያለ ኦክስጅን እንዳይንቀሳቀሱ አስጠንቅቆ ፈቀደ። ባለቤቴ ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን መሣሪያ ፈልጎ አገኘ፤ በባቡር ራሱ አደረሳቸው።

አሁን በየቀኑ ይደውላሉ። ስለ እህታቸው ዶሮዎች፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ያወራሉ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ትንፋሻቸውን እከተላለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱት የነበረውን ዛሬ መሐል ላይ ሲያቆሙ፣ አየር ሲስቡ፣ ሲቀጥሉ እሰማለሁ።

«እየሰማሽኝ ነው?» አሉኝ ትናንት።

«እየሰማሁ ነው እማ።»

«እስቲ ምን አልኩሽ?»

ምን እንዳሉኝ አላውቅም ነበር። በወዲያ በኩል መሣሪያው ይተነፍሳል። «ግድ የለም» አሉና፣ ትንሽ አርፈው፣ ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።