ለአቶ አልግሬን የተጻፈው ደብዳቤ

ትሪና ሃልቮርሰን ሐይቅ ዳር ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዱሉዝ ዳገት ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃምሳ ሕፃን ጭና በበረዶ ላይ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ቅንጣት አትፈራም። ቤት ልግዛ ብላ ከተነሳች ወዲህ ግን ያቺ ደፋር ሴት የት እንደገባች እንጃ፤ ቁርሷን እንኳ መምረጥ አቃታት።

ማን አደናገራት ቢሉ፣ አጎቷ አርቪድ። አርቪድ የሚያከራያቸው አራት ቤቶች አሉት። ምክር ከጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

«ስሚኝ ልጄ፣» አላት፤ «የመጀመሪያ ቤት መኖሪያ አይደለም፣ መሰላል ነው። ሁለት ዓመት ትኖሪበታለሽ፣ ከዚያ ታከራዪዋለሽ፣ በኪራዩ ሌላ ትገዢያለሽ። ስለዚህ ቤት ስታዪ በራስሽ ዓይን አትዪ፤ በተከራይሽ ዓይን እዪ።»

ተከራይዋ ማን እንደሆነ አታውቅም። ያም ሆኖ በየሄደችበት ቤት ቀድሟት ይገባል። ወጥ ቤቱን ስትወደው «ለእሱ ይጠብበው ይሆን?» ትላለች። የግድግዳውን ቀለም ስትጠላው ደግሞ «እሱ ምን ገዶት!» ብላ ራሷን ትገሥጻለች። አሥራ አንድ ቤት አይታ ስትጨርስ ዓይኗ አዋጅ ሆነባት።

አሥራ ሁለተኛው የአቶ ኤልመር አልግሬን ቤት ነበር። ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። አርቪድ ምድር ቤቱን አይቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። «የራሱ በር አለው እኮ! ይሄንን ለአንድ፣ ላዩን ለሌላ!» አለ። ትሪና የወደደችው ሐይቁን የሚያየውን የፎቁን መኝታ ክፍል ነበር። ተከራዩ ይወደው አይወደው ስላላወቀች ግን በሩን ዘግታ ወረደች።

«ሌላም ገዢ አለ፤ ዋጋችሁ እኩል ነው፣» አለቻት ደላላዋ ኮሊን። «ለሽማግሌው ደብዳቤ ጻፊላቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ቤታቸውን እንደወደድሽው ነዋ! ያስለቀሳቸው ነው የሚያስፈርማቸው።»

ትሪና ሦስት ቀን ወረቀት ላይ አፈጠጠች። እኖርበታለሁ ብላ እንዳትጽፍ ውሸት እንዳይሆን ፈራች፤ አከራየዋለሁ ብላ እንዳትጽፍ ማን እንዲህ ላለ ሰው ቤት ይሸጣል? አርቪድ መረረውና ከኢንተርኔት አንድ የተዘጋጀ ደብዳቤ አውጥቶ ላከላት። «በዚህ ቤት ፀጉሬ እስኪሸብት እኖራለሁ። ስገባ ግድግዳዎቹ ፈገግ ያሉልኝ መሰለኝ» ይላል። በገዛ እጇ ገለበጠችው። ጉድ የሚያሰኘው፣ ስትገለብጥ እንባዋ መጣ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብላም ግማሽ በግማሽ አመነችውና ላከችው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ አልግሬን ራሳቸው ደወሉ። «ብቻሽን ነይ» አሏት። ስትደርስ ሁለት ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ዓይኔ ደክሟል፤ ያነበበችልኝ ልጄ ናት፣» አሉ። «የመጀመሪያውን ስታነብልኝ አለቀስኩ። ሁለተኛውን ስትጀምር፣ አንቺ ልጅ፣ አንዱን ወረቀት ሁለቴ ታነቢያለሽ እንዴ ብዬ ተቆጣኋት።»

ለዚያኛውም ገዢ ግድግዳዎቹ ፈገግ ብለውለት ኖሯል! የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለካ ይሄ ነው። ትሪና ፊቷ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«የትኛችሁ ናችሁ የጻፋችሁት?»

«ሁለታችንም አይደለንም፣ አቶ አልግሬን። አጎቴ ነው ያገኘው።»

«ያኛው ሰውዬ እኔው ነኝ የጻፍኩት ብሎ ምሎልኛል። የአንቺ የራስሽ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም!» አለች። «ልኖርበት ነው ስል ሞኝ የሆንኩ ይመስለኛል። ላከራየው ነው ስል ደግሞ እርስዎን የማታልል ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀን እዚህ ስገባ እንኳን የተከራዩን ቆሻሻ መጣያ የት እንደማቆም አሰብኩ እንጂ አልጋዬን የት እንደምዘረጋ አላሰብኩም። ከሁለት ያጣ ጎመን ልሆን ነው።»

ሽማግሌው ደብዳቤዎቹን አጥፈው ወደ ጎን ገፉ። «በይ ብቻሽን ዙሪው፣» አሏት። «የምታውቂው አንድ ነገር ካገኘሽ ነይና ንገሪኝ። ካላገኘሽ ለያኛው እሰጠዋለሁ።» ወንበራቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ።

ምድር ቤት ወረደች። የራሱን በር ከፈተችው፣ ዘጋችው፤ ምንም አላወቀችም። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ውሃ ወረደ። ፎቅ ወጣች። ከመኝታ ክፍሉ ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ ወለሉ ላይ ፀሐይ ተዘርግቷል። አውቶቡሷን ለማሞቅ ሳምንቱን ሙሉ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ስትነሳ ነው የከረመችው። ጀርባዬን ትንሽ ላሳርፍ ብላ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።

ስትነቃ የሽማግሌው ካፖርት ላይዋ ላይ ነው። ፀሐዩ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄዷል። አቶ አልግሬን በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛሽ። ሞተች እንዴ ብዬ ሁለቴ ወጣሁ፤ ማንኮራፋትሽን ሰምቼ ተመለስኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ!» ብላ ዘላ ተነሳች። «ምንም አላገኘሁም። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ።»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ተቀብለው ሲያራግፉ ቆዩ። «እኔ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፣» አሉ። «ቤቱ ያንቺ ነው፤ ለኮሊን እደውላለሁ።»

ማታ አርቪድ ስልክ ላይ በደስታ ጮኸ። «አላልኩሽም? ደብዳቤው ሠራ! በይ አሁን እናስላ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ምድር ቤቱን ለብቻ፣ ፎቁን ለብቻ...»

«የፎቁን መኝታ ክፍል አላከራይም፣ አጎቴ።»

«እና ሌላውን ታከራያለሽ?»

«እሱን አላውቅም።»

«ትሪና፣ ልጄ፣ ቤት እኮ ከነመኝታ ክፍሉ ነው የሚከራየው! መኝታ የሌለው ቤት ማን ይከራያል?»

«እኔ እንጃ፣» አለች። «ያንን ክፍል ግን አላከራይም።»