የወረቀት ካርታ ይዘን «በር ላይ ነን»

አሁን ሩንዳ ሰፈር፣ የጓደኛችን የሰብለ ግቢ በር ላይ ተቀምጠናል። ሰብለ ግን የለችም።

ጠዋት እኔና ባለቤቴ ዳዊት እሷ ጋ ምሳ ልንበላ ከሰፈራችን ከኪሌሌሽዋ በሳይክል ስንወጣ፣ በወረቀት ካርታ ብቻ ልንሄድ ተስማምተን ነበር። ዳዊት ካርታውን ገልብጦ ይዞት ሌላ ሰፈር፣ ላቪንግተን ገባን። (እሱ የተሳሳተው ካርታው ነው ይላል።)

እዚያው ቆመን ካርታውን ስናገላብጥ ሰብለ ደወለች። ዳዊት ምንም ሳያፍር «ደርሰናል፣ በር ላይ ነን!» አላት።

ወጥታ ብታይ የለንም። በር ተሳስተው ይሆናል ብላ በሳይክሏ ልትፈልገን ሄደች። ይህን በኋላ ስንደርስ የነገረን የግቢዋ ዘበኛ ነው።

አሁን ደወልኩላት። «የት ነሽ?»

«ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ!»

በሩ ላይ ያለነው እኛ ነን።

እስቲ እናንተ «በር ላይ ነኝ» ያላችሁት የት ሆናችሁ ነው?