በቁሙ ላለ ልጄ የመጣ ማጽናኛ

የታሰርኩበት ቤት ቀድሞ የበግ በረት ነበር፤ ሞላሌ፣ ጥሊያን ከሰፈረበት ግቢ ውስጥ። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። አንዱ ወገን ተንዶ ብርዱ በዚያ ይገባል። መሬቱ ገና በግ በግ ይሸታል። ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ።

ያሰሩኝ በልጄ ነው። ልጄ ካርበኞቹ ጋር ጓሳ ተራራ ገብቶ ነበር። "የት ነው?" ሲሉኝ ከፍርሃቴ የተነሣ፣ "መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለብኝ" አልኩ። አፌ ነው ያመጣው፤ አስቤም አላልኩት። እውነቱን እስኪያጣሩ እዚያ አስቀመጡኝ። ውሸቴ ከታወቀ፣ እናትህን እንገድላለን ብለው ያስጠሩታል። እሱ ደግሞ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ሲመጣ ይሰቅሉታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግድግዳውን ሊጠግን አንድ ፈረንጅ መጣ። ወታደር አይደለም፤ ለመንገድና ለቤት ሥራ ካገሩ የመጣ ግንበኛ ነው። የኛን የበግ ጠጉር ባና ተከናንቧል፤ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፤ ድንጋይ ባነሣ ቁጥር ያስላል። አስተርጓሚው አብሮት ነበር። የኛው አገር ሰው ነው፣ ቀልድ ይወዳል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት፣ ሳሉ ቢብስበት።

"ሆዱ ገብሱን እምቢ አለው፣ ደረቱ ውርጩን እምቢ አለው። መሬቱን ያዙ እንጂ ብርዱን መች ያዙት!" ብሎ ሳቀ።

ፈረንጁ ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ፎቶግራፍ አወጣ። በፎቶው ልጆች በር ላይ ቆመዋል። እጁ ጭቃ ስለሆነ ጠርዙን ብቻ ይዞ አሳየኝና አንድ ነገር ተናገረ።

"ልጆቼ ናቸው ይላል። ካገሬ ሥራ ባገኝ እዚህ ምን አመጣኝ ይላል። አንቺስ፣ ልጅ አለሽ ወይ ይልሻል።"

 ጨዋታ ይሁን ምርመራ በምን ልወቅ?

"ነበረኝ። ሞተ።"

አስተርጓሚው ነገረው። ሰውየው ቆቡን አወለቀ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ደረቱ ላይ አደረገና ዝግ ብሎ ተናገረ።

"እግዜር ያጥናሽ ይልሻል።"

ባገራችን ለዚህ መልሱ አሜን ነው። አሜን ካልኩ ልጄን በቁሙ መቅበሬ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጅ የሞተባት እናት እንዴት ዝም ትላለች?

አስተርጓሚው ሳቁን ተወ። "አንቺ ሴትዮ፣ ምነው አሜን አትይም? ፀጉርሽንም አልተላጨሽ።"

 እንደምንም ተነሣሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ፈረንጁ ዞርኩ።

"ካገሩ ያግባው በለው። ልጆቹን በደህና ያሳየው። ሌላ የምለው የለኝም።"

አስተርጓሚው ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ በቋንቋቸው ተናገረ፤ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈረንጁ አንገቱን ደፋ፣ ቆቡን አጠለቀ፣ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ሥራው አልቆ ሲወጡ አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት አለና በሹክሹክታ፣

"እሜቴ፣ ሌላ ሰው ሲልዎት ግን አሜን ይበሉ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። ሰንበት ብሎ ለቀቁኝ። ጥሊያን ሲወጣ ልጄ እያነከሰ ገባ፤ ዛሬ ጎረቤቴ ነው፣ ይጦረኛል። ሞቷል ብዬ እንደነበር ግን ነግሬው አላውቅም፤ አሁንም ያስፈራኛል። ፈረንጁ ካገሩ ይግባ አይግባ የሚነግረኝ የለም። የሠራው መንገድ እኛኑ ሊወጉ የሚመላለሱበት ነበር፤ ይህንንም አልረሳሁም። ለጠላት እንዴት ትመርቂያለሽ ይሉኛል፣ ምርቃቱን ብቻ ያጫወትኳቸው።  ለልጄ ሞት አሜን ከምል፣ ለፈረንጁ ዕድሜ ብለምን ተሻለኝ።