ከዓይን ጠፍታ ከካሜራ ያልጠፋች ኮከብ

እኔን የዳረችኝ ኮከብ ናት፤ ያውም በዓይን የማትታይ ኮከብ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። መንዝ ውስጥ እውነት ተናግሬ ታምኜ ስለማላውቅ ለምጄዋለሁ።

ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ሰርግ በቪዲዮ የምቀርጽ እኔ ነበርኩ። ሌላም ቀራጺ ነበር፤ እሱ ግን የሙሽራውን ጫማ ሲቀርጽ ነው የሚውለው። የኔ ካሜራ መብራት የሌለበት ዳስ ውስጥ፣ በጨለማም ታያለች። እንዴት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴው ደረስኩበት። የቴሌቪዥን ሪሞት ስትጫኑ ጫፉ ላይ ለዓይን ምንም የለም፤ በካሜራዋ ስታዩት ግን እንደ ጧፍ ይበራል። ከቀይ ማዶ ሌላ ብርሃን አለ ማለት ነው።

በየካቲት አንዲት ቀይ ኮከብ በዓይኔ አይቼ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ቦታዋን ባየው ባዶ ነው። ካሜራዬን ባነጣጥር ግን ቁጭ ብላለች! ይህን ጉድ ዝም ብዬ ላሳድረው? ለአገሩ ሁሉ አወራሁት።

ወሬው ከማይገባበት ገባ። ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ የላክሁባቸው ቄሰ ገበዝ፣ «ኮከብ ጠፋች፣ አልጠፋችም ለሚል ዋሾ ልጄን አልሰጥም፤ ከመርሐቤቴ የመጣ ጨዋ ጠያቂ አለ» ብለው መለሱልኝ። እኔም ሽማግሌዎቼን ይዤ ራሴው ሄድኩ።

«አባ፣ ሲመሽ ወጣ ይበሉና ይዩዋት» አልኩ።

«ጠፋች አላልክም?»

«ጠፍታለች።»

«ከጠፋች ምኗን ታሳየኛለህ? ካሳየኸኝ ደግሞ አልጠፋችም። በሁለቱም ዋሽተሃል!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። የኔ ሽማግሌዎች ናቸው እንግዲህ!

ፀሐይ ገብታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወጣን። የጓሳ ብርድ ባትሪ ይገድላል ብዬ ካሜራዋን በርኖሴ ውስጥ ሸጉጬያት ነበር። ሳወጣት መስታወቷን ላቤና ትንፋሼ ጉም አልብሰውታል። ቄሰ ገበዝ አጎንብሰው አዩና፣

«ይኸው! አሁንስ ሰማዩንም አጠፋኸው!» አሉ።

በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩና እንደገና ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ይህቺማ የመስታወትህ ጉድፍ ናት።»

«መቋሚያዎን ያንሱና ይጋርዷት። ጉድፍ ከሆነች አትጋረድም።»

መቋሚያቸውን ሽቅብ አነሱ፤ ነጥቧ ጠፋች። ዝቅ አደረጉ፤ መጣች። ደግመው አነሱ፣ ደግመው አወረዱ። ሳቁ ቆመ።

«ለኔ ዓይን ለምን እምቢ አለች?»

«አባ፣ የተዳፈነ እሳት ነው። ፍም አመድ ሲለብስ ዓይን አያየውም፣ እጅ ግን ሙቀቱን ያውቃል። እሷም የበረደች ኮከብ ናት፤ አመድ ትለብሳለች፣ ትገልጣለች።»

«መቼ ነው የምትገልጠው?»

እኔ ምን አውቄ! አፌ ግን ቀደመኝ፤ «የገና ጾም ሳይፈታ!»

«እንግዲያው እስከ ገና ለመርሐቤቴው መልስ አልሰጥም። በዚህ በዓይኔ ካየኋት በጥር ትሞሸራለህ። ካላየኋት ደጄን እንዳትረግጥ!»

በጾም ሰርግ የለ፣ ሥራ የለኝ። በየምሽቱ ካሜራዋን ይዤ ወጣሁ፤ በርኖስ ውስጥ መሸጎጥ ግን ቀረ። በግ መክሳቷ የሚታወቀው ከጎኗ ካለችው ጋር ስትተያይ ነው፤ እኔም ኮከቤን ከጎረቤቷ ጋር አስተያየኋት። ጎረቤቷ ያው ናት፤ የኔዋ እየወፈረች መጣች። ለዓይን ግን እምቢ። መጨረሻ ላይ ጭራሽ ደመና ወረደብን። የመርሐቤቴው ሰው ጥሎሽ ገዛ አሉኝ። «ይግዛ፤ ለሌላ ይሆነዋል» አልኩና ደመናው ሥር መቆሜን ቀጠልኩ።

የገና ዋዜማ ማምሻውን ሰማዩ ተጠረገ። ቄሰ ገበዝ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙና መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ይህቺ ቀይ ምንድን ናት?»

እኔ ካሜራዬን እንኳ አላወጣሁም። «አመዷን ገለጠች፣ አባ።»

«ዝም በል፤ ያገኘኋት እኔ ነኝ!»

ኋላ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ ኮከብ ከሚያወሩ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጋር ስታገል፣ የኔዋ ግዙፍ ኖራለች። ከሷ ሌላ ለማንም ዓይን የማይደርሱ ድንክዬ ቀዝቃዛ ኮከቦች ሞልተዋል አሉ፤ እነሱም ይደምቃሉ፣ ይፈዛሉ፤ ደህና አድርጎ የሚያሳያቸው ያው ከቀይ ማዶ ያለው ብርሃን ነው። እኔ በሰርግ ካሜራ ጀምሬዋለሁ!

ካላመናችሁ መሐል ሜዳ ውጡና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። አማቴንም ጠይቁ፤ እሳቸው አገኘኋት ይሏችኋል እንጂ የለችም አይሏችሁም። ባለቤቴንም ጠይቋት፤ «የመርሐቤቴው ይሻለኝ ነበር» ካለቻችሁ ግን ተቆጥታ ነውና ሌላ ቀን ተመለሱ።