ጅብ የበላት ውርንጭላ

በልጅነቱ የወደደውን መጽሐፍ አድጎ መልሶ ማንበብ ያማረው ሰው ካለ፣ ከእኔ ይማርና ይተወው። እኔ አልተውኩም። ለሥልጠና ደሴ ሄጄ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ፊት ድንገት ሳየው ወላሂ ባለሁበት ቆምኩ። ያው ሽፋን ነው፤ ጆሮዋን ያቆመች ያቺው ውርንጭላ፣ ከኋላዋ ያው ጠማማ ዛፍ። ዋጋ እንኳ ሳልከራከር ገዛሁት። ቤቴ መካነ ሰላም እስክደርስ መታገስ አቅቶኝ፣ አቀስታን እንዳለፍን አውቶብሱ ውስጥ ገለጥኩት። ብዙም ሳልገፋ «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት መርዶ የሰማሁ መስሏቸው፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከመርዶም አይተናነስም። መጽሐፉ ውስጥ ውርንጭላዋ ጭነት አልሸከምም ብላ ከቤት ትወጣለች። ይመሽባታል። ጅብ ይመጣል፤ ይበላታል። አለቀ። ከሥሩ በወፍራም ፊደል፣ ሥራ የጠላ መጨረሻው ይኸው ነው የሚል ምክር ተጽፏል። የቀሩት ገጾች በሙሉ የመልመጃ ጥያቄ ናቸው። ውርንጭላዋ ለምን ከቤት ወጣች? ጅቡን ባታገኘው ኖሮ ምን ትሆን ነበር? ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ እኮ ነው! እንዲህ ብሎ ጽፎ እንቅልፍ የወሰደውን ሰውዬ ባገኘው የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ የማውቃትን ውርንጭላ ጅብ አልበላትም። የእኔዋ ጅቡን በወሬ አድክማ፣ የአንገቷን ቃጭል ፈትታ ለእሱ ያሰረችለት ናት፤ ከዚያ ወዲያ የሄደበት ሁሉ እያቃጨለ ራት አጥቶ ይቀራል። እሷ ደግሞ ደጎሎ ገበያ ወርዳ ገብስ ሻጮቹን በሳቅ ትጨርሳለች። ወደ ማታ አይሱዙ ታስቆምና ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ አጅባር ትገባለች።

ይህን ሁሉ ያነበበችልን ታላቅ እህቴ ነበረች። በሰፈራችን የነበረው የተረት መጽሐፍ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ አጣርታ የምታነብም እሷ ብቻ። ክረምት ላይ የጎረቤት ልጅ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል፤ እሷ መደብ ላይ ጉብ ብላ፣ መጽሐፉን ፊቷ ላይ ገትራ ስታነብ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። እኔ ፊደል ለይቼ ራሴ ለማንበብ ስደርስ መጽሐፉን አንዱ ተውሶ ወሰደውና በዚያው ቀረ። እንግዲህ አውቶብሱ ውስጥ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ጅቡ ከመጣበት ገጽ ወዲያ እህቴ ስታነብልን የነበረው ከመልመጃ ጥያቄዎቹ ላይ ነው። ጥያቄ እየገለጠች ነው ደጎሎ ያወረደችን። እኔም ሞኟ፣ አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ የደጎሎን ገበያ በምን አወቀው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። እኔ አስተማሪ ነኝ። ይህን ተረት ለስንት ክፍል ልጅ ተርኬ፣ መጽሐፍ ማለት እንዲህ ነው፣ ሂዱና ፈልጋችሁ አንብቡት ብዬ ስንቱን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሰድጃለሁ። ርዕሰ መምህሩን ሳይቀር ይህ መጽሐፍ ካልተገዛ ብዬ በስብሰባ ላይ ጨቅጭቄዋለሁ። አሁን በምን ዓይኔ ፊቱን ልየው?

ከሁሉ በላይ አንጀቴን ያሳረረው ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን የገዛሁት ለራሴ አልነበረም። እህቴ ልጇን ጡት እንኳ በቅጡ ሳታስጥል ለእኔ ሰጥታ አረብ አገር የሄደች ሴት ናት። ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል ተመለሰች። ልጅቷ እማ የምትለው እኔን ነው። እናቷን «ያቺ ሴትዮ» ትላታለች። ያቺ ሴትዮ ምሳ ሠራች፤ ያቺ ሴትዮ ጫማዬን አጠበችው። በስልክ ስትስቅላት የኖረችው እናቷ ሌላ፣ ይህቺ ከነሻንጣዋ የመጣችው ሌላ ሆነውባታል። እህቴም ብትሆን አታግዝም። ልጅቷን እንደማጫወት ቤት ስታጥብ ትውላለች፤ ንጹሑን ብርጭቆ አውርዳ እንደገና ታጥበዋለች። ኧረ አረፍ በይና ልጅሽን አናግሪያት ስላት፣ ምን ብዬ፣ የማውቀው የሰው ቤት ማጽዳት ነው ትለኛለች። እናትም ልጅም ግትር፤ በመሀል የእኔ ናላ ዞረ።

በቅርቡ ጭራሽ ፓስፖርቷን ለማሳደስ ሰው ማነጋገር ያዘች። ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ፣ እዚህ ማን ፈለገኝ አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። ይህቺ ልጅ ግን አሁን እናቷን ካልለመደች ከእንግዲህ አትለምዳትም።

ስለዚህ መጽሐፉን ደሴ ሳየው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ልጅቷ የውርንጭላዋን ተረት ከእኔ አፍ ሰምታ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ሌላ ተረት ብነግራት ጆሮ አትሰጠኝም። እናቷ መጽሐፉን ይዛ ታነብላታለች፣ ልጅቷ ቀስ በቀስ ትጠጋለች፣ አበቃ። ዕቅዴ ይህ ነበር፤ ገጹን እስክገልጥ ድረስ።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቦርሳዬን ሳላወርድ መጽሐፉን እህቴ እጅ ላይ አኖርኩና ተቆጣሁ። ምን ዓይነት ቀጣፊ ነሽ አልኳት። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ ገለጠችው፣ ጅቡ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ጅቡ በላት ስልሽ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅሺ ያደርሽው፣ ታዲያ ምን ላድርግ ኖሯል አለችኝ። ይባስ ብላ ጥፋቱን ወደ እኔ! እኔ ደግሞ አንዴ ከተናደድኩ ልክ የለኝም። ልጅቷ የማታውቀውን ሳቅ ሰምታ ከጓዳ ብቅ ስትል፣ በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢላት አልኳት፤ አሁን እንኳ የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፣ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።

ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ ያልኩት? እህቴ እንደሆነች የታዘዘችውን መፈጸም ለምዳለች። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች የተጻፈውን አነበበች። ልጅቷ ከእኔ ጋር ተለጥፋ ትሰማለች። ጅቡ ሲመጣ ፈገግ አለች፤ ቃጭሉን እየጠበቀች ነው። ጅቡ በላት። እህቴ ያንን የተረገመ ምክር እንኳ ሳታስቀር አነበበችው።

ልጅቷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እሷን። ይቺ ሴትዮ ገደለቻት ብላ ጉያዬ ውስጥ ገብታ ለቅሶዋን ለቀቀችው። የሠራሁትን ሳየው ልጅቷን እቅፍ አደረግኳት።  እህቴ በቃ መጽሐፉን ዘግታ ወደ ብርጭቆዎቿ ትሄዳለች፣ ከዚያም ወደ ፓስፖርቷ፣ ብዬ ነበር።

አልተነሳችም። ጣቷን በምራቋ አርሳ ገጹን ገለጠችና፣ አላለቀም እኮ፣ ወረቀቱ ተጣብቆ ነው አለች። ከመልመጃ ጥያቄዎቹ ላይ ማንበብ ጀመረች። ውርንጭላዋ ጅቡ ሆድ ውስጥ ሆና ስትራገጥ ጅቡን ማስነጠስ ያዘው። በማስነጠሱ ወጣች። ቃጭሉ ታሰረለት። ልጅቷ ከጉያዬ አንድ ዓይኗን አወጣች። ደጎሎ ሲደረስ ለቅሶው ቆመ፤ ነጭ አይሱዙ ሲመጣ፣ ልጅቷ ቀይ ነው ብላ አረመቻት። እህቴ ገጹን ተጠግታ አየችና፣ አዎ ቀይ ነው ይላል አለች።

አይሱዙው ግን አጅባር አልቆመም። ደሴንም አልፎ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወሰዳት። ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ውርንጭላዋ ባሕር ተሻግራ አንድ ትልቅ ቤት ገባች። እዚያ ብርጭቆ ስታጥብ ትውላለች፤ በሰኮና ደግሞ ብርጭቆ አይያዝም። ልጅቷ ሳቀች። ሲመሽ ጆሮዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ የቤቷን ድምፅ ትፈልጋለች፣ አይሰማም። ልጅቷ ሥዕሉን ልትፈልግ እየተንፏቀቀች ሄዳ እናቷ ክንድ ሥር ገባች። መግባቷንም ያወቀችው አልመሰለኝም። እኔ ተንፍሼ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ውርንጭላዋ ባሕሩን መልሳ ተሻግራ ቤቷ ስትደርስ ልጅቷ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ተመልሳ ትሄዳለች?»

እህቴ ገጹን አየችው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። አንዴ እኔን ልታየኝ ብላ ተወችው። ተናገሪ እንጂ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ይህ በእኔ ጭቅጭቅ የሚሆን አልነበረም።

«እዚህ ላይ አትሄድም ይላል» አለች።

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። መጽሐፉን ከእናቷ እጅ ወስዳ ወደ እኔ አመጣችው፤ በቤቱ ውስጥ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። እማ፣ እውነት እንዲያ ይላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አየሁት። ከውርንጭላዋ ሕይወት ምን ትማራላችሁ ይላል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ ይላል።

«አዎ፣ እንዲያ ነው የሚለው።»

ይዛው ሄደችና ተመልሳ እናቷ ክንድ ሥር ገባች። እህቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየችኝ። አንብቢያ፣ ምን ታዪኛለሽ አልኳት፤ ድምፄ ግን አልቆጣ አለኝ።