የአባቴ የውሃ ልክ

አባቴ ደሴ ላይ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከፈላስፎች ሁሉ የሚወዱት ግን አንዱን ነበር፤ ሁሉም ነገር የተገኘው ከውሃ ነው ያለውን የጥንት ግሪካዊ። ከእሱ በኋላ የመጡትን፣ ስማቸው የገነነውን ሁሉ፣ ቅር እያላቸው ነበር የሚያስተምሩት። ሰዉ ነጎድጓዱንም ድርቁንም የአማልክት ቁጣ ነው ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ይህ ሰው ተቀምጦ «ይሄ ሁሉ ነገር ከምን ተሠራ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አባቴን ግድ አይሰጣቸውም። «የተሳሳተ መልስ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ጥያቄ ያለው ሰው አምጡልኝ» ይሉ ነበር። እኔና ወንድሜ በየገበታው ይህን ውሃ ስንጋት ስላደግን ሰልችቶን ነበር።

ባሕር ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ እኔ ዘንድ ከመጡ በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ዳያሊስስ ይወሰዳሉ፤ ደማቸው ታጥቦ፣ ገርጥተውና ዝለው ይመለሳሉ። ሐኪሙ በቀን ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ በላይ ውሃ እንዳይጠጡ ከለከለ። ሻይም፣ ሾርባም፣ ሐብሐብም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ኩላሊት ካላስወጣው ውሃው የሚሄድበት የለውም፤ መጀመሪያ እግር ያሳብጣል፣ ሲብስ ሳንባ ይገባል። እኔ የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ለሰው አባት ውሃ ስሰፍር ዓመታት አልፈዋል። አሁን ለራሴ አባት መስፈር ጀመርኩ። ጠዋት ጠርሙሷን ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው የኩሽናውን ቧንቧ ነው።

ያ ግሪካዊ ኮከብ እያየ ሲሄድ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ ይባላል። አንዲት ገረድ አየችውና፣ የሰማዩን ለማወቅ ሲጓጓ እግሩ ሥር ያለው ጠፋው ብላ ሳቀችበት። አባቴ በጠርሙሷ ነገር በተጣላን ቁጥር «አንቺ የጉድጓዷ ገረድ» ይሉኝ ጀመር።

«ሰዉ ሁሉ መውደቁን ነው የሚያወራው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። «ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ የጠየቀ የለም።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፣ ጠርሙሷንም ወደ እኔ ገፋ አደረጓት፤ አልሞላሁላቸውም።

ፎልስ ቸርች የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ከዑምራ ተመልሳ ልትጠይቃቸው የመጣች ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቴምርና አንድ ጀሪካን የዘምዘም ውሃ ይዛ መጥታለች። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ከመካ የመጣ ዘምዘም ሲሰጥ ስንት ይጠጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢስሚላሂ ተብሎ፣ ዱዓ ተደርጎበት ይጠጣል። አባቴ ጀሪካኑን አልጋቸው ሥር አኑረው፣ እኔ በሌለሁበት በኩባያ በኩባያ ይጠጡ ኖሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ በእነዚያ ቀናት እንዴት ያለ ደስታ ፊታቸው ላይ ነበር! እኔ ሞኟ ጤናቸው የተሻለ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መተኛት አቅቷቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ።

«ምን ጠጡ፣ አባ?»

«ምንም።»

ጀሪካኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ከግማሽ በታች ወርዷል።

«ይሄስ?»

«እሱ… ውሃ አይደለም» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ዘምዘም ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን ሁሉም ነገር ውሃ ነው ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ይህችን አንዷን ውሃ አይደለችም አሉኝ። አምቡላንስ ጠራሁ። የአክስታችን ልጅ ሆስፒታል ሳለን ደውላ አለቀሰችብኝ። «እኔ እኮ ለሺፋ፣ እንዲድኑ ብዬ ነው! ዘምዘም ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሶሪ፣ በአላህ ሶሪ!» ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም።

ከሆስፒታል ሲወጡ እኔ ጨካኝ ሆኜ ነበር። ማንም ጠያቂ ሲመጣ ቦርሳውን ሳላይ አላስገባም። የኩሽናውን ቧንቧ ከሥሩ ዘጋሁት። የመታጠቢያ ቤቱን ግን መዝጋት አልችልም፤ ለሶላት ዉዱእ ያደርጉበታል። ስለዚህ ዉዱእ ሲያደርጉ በሩ ላይ እቆማለሁ። ውሃውን አፋቸው ውስጥ ሲያንቀሳቅሱ፣ ሲተፉ፣ አዳምጣለሁ። የዋጡ ከመሰለኝ አንኳኳለሁ። ያን በር ጠላሁት፤ በሩ ላይ የቆመችውንም ሴትዮ ጠላኋት።

«ይትፉት፣ አባ» አልኳቸው አንድ ጠዋት።

ተፉት። በሩን ከፍተው፣ ጺማቸው ውሃ እያንጠባጠበ አዩኝ።

«ያ ሰውዬ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ?»

«የቱ?»

«የውሃው። የገደለው ውሃ ጥም ነው።»

ልቤን ለማራራት የፈጠሩት መሰለኝ። ሥራም ረፍዶብኝ ነበር። «አባ፣ ተረቱ ይቅርብኝ» አልኳቸው። ፊታቸውን በፎጣ አድርቀው ወደ መስገጃቸው ሄዱ።

ብርዱ ሳይወጣ፣ ዳያሊስስ ወንበር ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆመ። ቤት ስመለስ ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዛ። ሲመለሱ ሊጠጡት ያስቀሩት ነው።

እኛ ዘንድ የሞተን ወንድ ወንዶች ናቸው የሚያጥቡት፤ ልጅ ብሆንም መግባት አልችልም። መስጊዱ ምድር ቤት፣ ከማጠቢያው በር ውጭ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ወንድሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። በወጣትነቱ ስለመጣ አማርኛው እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ነው፤ ሬሳ ነክቶም አያውቅም። እጄ የሚይዘው ቢያጣ ስልኬን አውጥቼ ስለዚያ ግሪካዊ ፈለግሁ። እውነታቸውን ነው። አርጅቶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የስፖርት ውድድር ሲያይ፣ ሙቀትና ውሃ ጥም ገደሉት ይባላል።

ከበሩ ወዲያ ውሃው ይፈሳል። ይቆምና እንደገና ይፈሳል። እንደለመድኩት ጆሮዬን ወደ በሩ አዘንብዬ አዳመጥኩ። ይህን ያህል ውሃ በአባቴ ላይ ሲፈስ ያልከለከልኩት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ወንድሜ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ወጣ። «ኢትስ ደን» አለኝ።

«ረኩ?» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ግራ ገብቶት አየኝ። «ውሃው ብዙ ነበር፣ እትዬ። ባልዲ በባልዲ አፈሰስንላቸው። አፋቸው ውስጥ ግን እንዳይገባ አሉኝ ሽማግሌዎቹ፤ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠረግኩላቸው።»